ይዝጉ ወይስ ይሩጡ? ለጠንቃቃ ቡድን ደጋፊ የአጨዋወት ምርጫ መመሪያ

ሀዋሳ ውስጥ ከጨዋታ ማግስት ጀበና በተጣደበት ሁሉ የሚነሳው ክርክር ይታወቃል። "አሰልጣኙ ፈሪ ነው" ይላል አንዱ። "አሰልጣኙ ምን ያድርግ? የሚሮጥ አጥቂ የለን" ይላል ሌላው። አንድ ጋሼ ደግሞ ከጥግ ሆነው "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አንድ ነጥብም ነጥብ ነው" ይላሉ። ሁሉም ያዩት አንድ ጨዋታ ነው። ሁሉም አንጀታቸው አሯል።

ደጋፊው የሀዋሳ ከተማም ይሁን የሲዳማ ቡና፣ ወይም ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ለአርሰናልና ለማንቸስተር ዩናይትድ የሚጮህ፣ ቅሬታው ያው ነው። ቡድኔ ኳስ ይይዛል፣ ብዙ ግብ አይቆጠርበትም፣ ግን ማንንም አያስፈራም። መፍትሔው ላይ ሲደረስ ነው የሚለያየው። አንዱ "ዘግተን በመልሶ ማጥቃት እንጫወት" ይላል። ሌላው "ከፍ ብለን እንጫን" ይላል። ሦስተኛው "ፈጣን የመስመር ተጫዋች አምጡ" ይላል። አማራጮቹን ላነጻጽራቸው የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አጥብቄ የማምንበትን ልናገር። ጥንቃቄና ዝግመት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ጠንቃቃ ቡድን የሚሮጥ ሰው ካለው ተጋጣሚ እንቅልፍ ያጣል። የሚሮጥ ሰው ከሌለው ግን ተከቦ ይውላል። ስለዚህ "አጥቁ!" ብሎ ከመጮህ በፊት ማን ሮጦ እንደሚያጠቃ መጠየቅ ይቀድማል።

መጀመሪያ የቱ እንደያዘን እንለይ

ጥንቃቄ የአሰልጣኝ ውሳኔ ነው። ስንት ሰው ከኳስ ኋላ ይቀመጥ? የመስመር ተከላካዮቹ ይውጡ ወይስ ይቅሩ? የተከላካይ መስመሩ የት ይቁም? ይህን በጥቂት ሳምንታት ልምምድ መቀየር ይቻላል። ፍጥነት ማጣት ግን የስብስብ ጉዳይ ነው። በዝውውር መስኮቱ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ከወጣት ቡድኑ ማን አደገ የሚለው ነው የሚወስነው። ይህን አሰልጣኙ በጩኸት አያመጣውም።

ሜዳ ላይ ልዩነቱን ማየት ይቻላል። አማካያችን መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ነጠቀ እንበል። የተጋጣሚ ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች ወጥተዋል። ከኋላቸው ባዶ ሜዳ አለ። አማካያችን ቀና ይላል። አጥቂያችን ፊቱን ወደ ራሳችን ግብ አዙሮ ኳሱን እግሩ ላይ ይጠይቃል። የግራ መስመር ተጫዋቻችን መስመሩን ረግጦ ቆሟል፤ እሱም የሚፈልገው እግሩ ላይ ነው። ኳሱ ወደ ጎን ይሄዳል። ልጁ በጫማው ሶል ያቆመዋል፣ ቀና ይላል። ሁለት ሰው ከፊቱ ተመልሷል። ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ባዶ የነበረው ሜዳ በዚህ መሀል ሞልቷል። ደጋፊው "ወደፊት!" ብሎ ይጮሃል። ወደፊት የሄደ ሰው ግን የለም። ኳሱ ለማን ይሂድ?

ይህ የፍጥነት ችግር ነው። እግር ብቻ ሳይሆን የሚሮጥ ሐሳብም ጠፍቷል።

አሁን ደግሞ ሌላውን እንይ። ያው አማካይ ያንኑ ኳስ ይነጥቃል። የመስመር ተጫዋቹ ኳሱ ሊነጠቅ መሆኑን ገምቶ ቀድሞ ተነስቷል። እጁን ወደ ባዶው ሜዳ እየጠቆመ ይሮጣል። አማካዩ ያየዋል፤ ግን አይልክለትም። ኳሱን ወደ መሀል ተከላካይ ይመልሰዋል። አጠገቡ ያለው ሌላው አማካይም ከቦታው አልተነቃነቀም። እንዲህ ያለው ነገር ደጋግሞ ከታየ መመሪያው ከተጠባባቂ ወንበር የመጣ ነው። ይህ የጥንቃቄ ችግር ነው፤ አሰልጣኙን መውቀስም ያስኬዳል።

በሚቀጥለው ጨዋታ ዓይናችሁን ከኳሱ ላይ ንሱ። ኳስ በነጠቅን ቁጥር የመጀመሪያዋ ቅብብል ወዴት እንደሄደች ተመልከቱ። ከኳሱ ቀድሞ የሮጠ ሰው መኖሩንም እዩ። የኳስ ቁጥጥር መቶኛውን ለጊዜው ተዉት። 60 በመቶ ይዞ ወደ ጎን ሲያመላልስ የዋለ ቡድን ብዙ አይተናል።

አንድ ነጥብ ነጥብ ነው?

ጋሼዎቹ አቻ ውጤትን የሚያከብሩት በከንቱ አይደለም። ድሮ ድል 2 ነጥብ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ 3 አሳደገችው። የዓለም ዋንጫ የተከተላት በ1994 ነው። በድሮው ሂሳብ 10 ጨዋታ አቻ የወጣ ቡድን 10 ነጥብ ይይዛል። 4 አሸንፎ 6 የተሸነፈው 8 ይይዛል። ጠንቃቃው ይበልጣል። ዛሬ ግን ያው 4 ድል 12 ነጥብ ነው። አቻ ሲወጣ የከረመው በ10 ይቀራል።

እዚህ ላይ እኔ ከወጣቶቹ ጋር ነኝ። ከጠንካራ ቡድን ጋር፣ ከሜዳ ውጪ የተገኘ አንድ ነጥብ ይመሰገናል። ከወራጅ ቀጠና ቡድን ጋር ለአንድ ነጥብ መዝጋት ግን ነጥብ መጣል ነው።

ዘግቶ በመልሶ ማጥቃት

ብዙ ደጋፊ የሚጠላው፣ ለብዙ ቡድን ግን የሚበጀው ይሄ ነው። በጥቂት ገንዘብ ይሠራል። በኳስ ጥበብ የተካኑ ተጫዋቾችን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የተደራጀ መከላከልና የሚሮጥ ሰው። ሁለተኛውን የሚረሳ ነው የሚከስረው።

ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015/16 የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ በ81 ነጥብ ያነሳው በአብዛኛው ጨዋታ ኳሱን ለተጋጣሚ ትቶ ነው። ካንቴ ይነጥቃል፣ ድሪንክዋተር ወይም ማህሬዝ ቀና ብሎ ይልካል፣ ቫርዲ ተነስቷል። ቫርዲ 24 ግብ አገባ። ማህሬዝ 17። ያንን ቡድን ፈሪ ያለው ማን ነው?

ከዚያ በፊት የሞሪንሆ ቼልሲ እ.ኤ.አ. በ2004/05 አለ። ሙሉውን ዓመት የተቆጠረበት 15 ግብ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ አይገኝም። ግን በክንፍ ሮበንና ደፍ ነበሩት። 95 ነጥብ ሰበሰበ። ዝግ ነበር፣ አስፈሪም ነበር። ሞሮኮም በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እስክትደርስ የተቆጠረባት አንድ ግብ ነው፤ እሱንም በራሷ ላይ ያገባችው ነው። ስፔንን በመለያ ምት፣ ፖርቹጋልን 1 ለ 0 አስወጣች። ሀኪሚና ቡፋል ኳስ ሲያገኙ ወደፊት ነበር የሚሄዱት።

አሁን ቫርዲን ከሌስተር፣ ሮበንና ደፍን ከቼልሲ አውጡና አስቡት። ተጋጣሚ መሀል ተከላካዮቹን ሳይፈራ መሀል ሜዳ ድረስ ያወጣቸዋል። የሚወጣው ኳስ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ቡድኑ እስከ 70ኛው ደቂቃ ይቋቋማል፣ ከዚያ እግር ይዝላል፣ አንድ የተሻገረ ኳስ ይገባበታል። እኛ "ደከሙ" እንላለን። የደከሙት እኮ ማረፊያ አጥተው ነው። አንድ ሯጭ ከፊት ኳሱን ይዞ ለትንሽ ጊዜ ቢቆይላቸው ተከላካዮቹ ይተነፍሱ ነበር።

ስለዚህ ይህን አማራጭ የምመክረው ቢያንስ አንድ ከተከላካይ ኋላ የሚሮጥ ሰው ላለው ቡድን ነው። ለሌለው አልመክርም።

ሯጭ ሳይኖር ዘግቶ ያሸነፈ የለም ወይ? አለ። ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2004 የአውሮፓ ዋንጫን ስታነሳ ፈረንሳይን፣ ቼክንና ፖርቹጋልን በተከታታይ 1 ለ 0 ነው የረታችው። ሦስቱም ግቦች በጭንቅላት የተገጩ ናቸው። ሁለቱ ከማዕዘን ምት፣ አንዱ ከተሻገረ ኳስ የመጡ ናቸው። ፍጥነት የሌለው ቡድን የቀረው በር የቆመ ኳስ፣ ማለትም ማዕዘን ምትና ቅጣት ምት ነው ማለት ነው። ቡድናችን ረጃጅም ተከላካዮችና ጥሩ መቺ ካለው ይህን መንገድ መያዝ ነውር የለውም። ነውሩ ማዕዘን ምት በተገኘ ቁጥር ኳሱን አጭር አቀብሎ መሀል ሜዳ ድረስ መመለስ ነው።

ኳስ ይዞ በትዕግስት

የእኛ አገር ተመልካች ልቡ እዚህ ነው። አጭር ቅብብል፣ መሸወድ፣ ኳስ የሚያባብል አማካይ እንወዳለን። እኔም እወዳለሁ። ግን ኳስ መያዝና ቀስ ማለት አንድ እየመሰሉን ተቸግረናል።

ስፔን እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫን ስታነሳ በ7 ጨዋታ ያገባችው 8 ግብ ብቻ ነው። ከጥሎ ማለፉ ጀምሮ አራቱንም 1 ለ 0 አሸነፈች። ይህን ጠቅሶ "ታገሱ" የሚል ደጋፊ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን የፍጻሜውን ጨዋታ ያስታውስ። አሰልጣኙ ዴል ቦስኬ በ60ኛው ደቂቃ ያስገባው ኸሱስ ናቫስን ነው፤ ክንፍ ላይ በፍጥነቱ የሚታወቅ ልጅ። 116ኛው ደቂቃ ላይ ኢኒየስታ ያገባት ግብ የተጀመረችው ናቫስ ከራሱ ሜዳ ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ነው። ዣቪና ኢኒየስታ ያሉት ቡድን እንኳ ሯጭ አስፈልጎታል።

ተቃራኒውን ማንቸስተር ዩናይትድ አሳይቶናል። በቫን ኻል ስር እ.ኤ.አ. በ2015/16 በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት 35 ግብ ብቻ ነበር። ከሊጉ በጣም ጥቂት ግብ ከተቆጠረባቸው አንዱ ነው። ያገባው ግን 49። አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። የኤፍኤ ዋንጫ አንስቶ እንኳ አሰልጣኙ ተሰናበተ። እዚህ ሀዋሳ ዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠው ደጋፊ ያኔ የሚለውና ኦልድትራፎርድ ያለው የሚጮኸው አንድ ነበር፤ "አጥቁ!"

ብሔራዊ ቡድናችንም የዚህን አማራጭ ሁለት መልክ በአንድ ሳምንት ውስጥ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአፍሪካ ዋንጫ በሰውነት ቢሻው ስር ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ተጫወተ። ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው 1 ለ 1 ወጣ። አቻ ያደረጋት የሀዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ ነው። ሀገር በደስታ አበደ። በሚቀጥለው ጨዋታ ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። የሚያንገበግበው ቡርኪናፋሶም ግብ ጠባቂዋን በቀይ ካርድ ማጣቷ ነው። ከዚያ በኋላ በ10 ሰው ነው ሦስት ግብ የጨመረችብን። በቁጥር በልጠን፣ ኳስ ይዘን፣ ወደፊት ወጥተን፣ በኋላችን ሮጡብን። ኳስ የያዘው ቡድን ፈጣን ተከላካይ ከሌለው ለሚሮጥበት ቡድን በሩን ከፍቶ ነው የሚጫወተው።

ይህን አማራጭ የሚመርጥ ቡድን ሦስት ነገር ይመርመር። ኳስን በአንድና በሁለት ንክኪ የሚያሳልፉ አማካዮች አሉት? ወደ ኋላ መሮጥ የሚችል መሀል ተከላካይ አለው? ሜዳው ኳስ ያንሸራትታል? ሳሩ በተጎዳና ጎርበጥባጣ ሜዳ ላይ አጭር ቅብብል እያሉ መሟገት በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ከፍ ብሎ መጫን

ወጣቱ ደጋፊ ዛሬ የሚፈልገው ይህን ነው። ኳሱን ተጋጣሚ ግብ ክልል አጠገብ ነጥቆ፣ ሁለት ቅብብል ብቻ ተጫውቶ ማግባት። ርቀቱ አጭር ስለሆነ የአጥቂውን የፍጥነት ጉድለት በከፊል ይሸፍናል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ፊት ያሉት ሲጫኑ ኋላ ያሉትም አብረው መውጣት አለባቸው። አለዚያ መሀል ሜዳ ይከፈታል። ከወጡ ደግሞ ከኋላቸው ሰፊ ሜዳ ይቀራል። ፍጥነት ከአጥቂ ጉዳይነት ወደ ተከላካይ ጉዳይነት ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። በዚያ ላይ ሳንባ ይፈልጋል። ሀዋሳ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ሳይበርድ በሚጀመር ጨዋታ 90 ደቂቃ ሙሉ እየተጫኑ መዝለቅ አይቻልም። በጥቂት ቀን ልዩነት ጨዋታ ሲደራረብም አስቡት።

የምመክረው በቁርጥ ሰዓት መጫን ነው። የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች፣ ከእረፍት መልስ፣ ተጋጣሚ በመልስ ምት አጭር ሲጀምር። የቀረውን ጊዜ መሀል ሜዳ ላይ ተሰባስቦ መጠበቅ ይሻላል።

አሰልጣኝ መቀየር

ችግሩ የጥንቃቄ ከሆነ ሊሠራ ይችላል። ችግሩ የፍጥነት ከሆነ ግን አዲሱም አሰልጣኝ የሚያሰልፈው እነዚያኑ ልጆች ነው።

አጨዋወቱን ሳይነኩ ሯጭ መጨመር

ከሁሉም አማራጮች ለጠንቃቃ ቡድን የማስቀድመው ይህን ነው። ምክንያቴን ዘርዘር ላድርግ።

ፈጣን የመስመር አጥቂ ኳስ ሳይነካም ይሠራል። የተጋጣሚ ተከላካይ እሱን ፈርቶ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። መሀል ተከላካዩም አብሮት ይሸሻል። በዚህ የተነሳ መሀል ሜዳ ላይ ለአማካዮቻችን ቦታ ይከፈታል። ደጋፊው በማግስቱ "አማካያችን ዛሬ ተሻለው" ይላል። ቦታውን የከፈተለት ግን ክንፉ ላይ ያለው ልጅ ነው።

ህጉም ለሯጭ ያደላል። ኳሱ ሲመታ በራሱ ሜዳ ውስጥ ያለ ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ አይባልም። ተጋጣሚ ተከላካዮቹን እስከ መሀል ሜዳ ካወጣ ልጁ ከመሀል መስመሩ ጀርባ ተነስቶ ቢሮጥ ማንም ባንዲራ አያነሳበትም። ከመልስ ምትና ከእጅ ውርወራ በቀጥታ የመጣ ኳስም ከጨዋታ ውጪ የለበትም። ግብ ጠባቂያችን ረጅም መቺ ከሆነ ይህ በነጻ የተሰጠ መሣሪያ ነው። ስንቱ ቡድን ይጠቀምበታል?

ሲመርጡ ግን መጠንቀቅ ያሻል። በ100 ሜትር የሚያሸንፍ ሁሉ ክንፍ ላይ አይጠቅምም። የሚፈለገው የመጀመሪያዎቹ አምስትና አስር ሜትሮች ናቸው። ከቆመበት ተነስቶ ተከላካዩን በአንድ እርምጃ የሚቀድም ልጅ ነው የሚያስፈልገው። ቀጥሎ መቼ እንደሚነሳ ማወቅ አለበት። ቀድሞ ከተነሳ ባንዲራ ይነሳበታል፣ ዘግይቶ ከተነሳ ተከላካዩ ዞሯል። በመጨረሻ ደግሞ ሰንጥቆ የሚያሳልፍለት ሰው ይኑር። ሀዋሳ ያፈራችው ሽመልስ በቀለ ዓይነት፣ ሯጩን አይቶ ኳሱን ከፊቱ የሚጥልለት አማካይ ከሌለ ምርጡ ሯጭ ሙሉ ቀን በባዶ ይሮጣል። ስለዚህ ክለብ ሲጠየቅ ሁለቱም አብረው ይጠየቁ፤ ሯጩም አቀባዩም።

ገንዘብ የለም የሚለውን ሰበብ በግማሹ ነው የምቀበለው። ዩናይትድ በዚያው የ2015/16 የድርቅ ዓመት መፍትሔውን ያገኘው ከገበያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ማርሲያል ሊጫወት ሲያሟሙቅ ተጎዳ። ባላሰቡት ሰዓት የ18 ዓመቱን ራሽፎርድ ከወጣቶቹ አመጡት። በሚድቲላንድ ላይ ሁለት አገባ። ከሦስት ቀን በኋላ በአርሰናል ላይ ሁለት ደገመ። ልጁ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር።

ሀዋሳም ሯጭ ልጅ የሚጎድላት ከተማ አይደለችም። በሰፈር ውድድር ላይ ተከላካይ ጥለው የሚበሩ ልጆችን ሁላችንም እናውቃለን። የሚጎድለው የሚያምናቸው ነው። ወጣት ክንፍ ተጫዋች ኳስ ያስነጥቃል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱን ይከሽፍበታል። እኛ ደጋፊዎቹ ሁለተኛው ላይ "አውጣው!" ብለን ከጮህን አሰልጣኙ በሚቀጥለው ሳምንት የማይሳሳተውን፣ ግን የማይሮጠውን ያሰልፋል። "ፍጥነት የለንም" እያልን ሯጩን ልጅ የምናስፈራራው እኛው እንዳንሆን እፈራለሁ።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

ሯጭና አቀባይ ያለው ቡድን ዘግቶ በመልሶ ማጥቃት ይጫወት፤ ደጋፊውም ኳስ አልያዝንም ብሎ አይዘን። ጥሩ አማካዮችና ለስላሳ ሜዳ ያለው ኳሱን ይያዝ፣ ግን አንድ ክንፍ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ያቁም። ሁለቱንም ያጣ ቡድን እስከሚቀጥለው ዝውውር በቆመ ኳስ ይቆይ፣ ልምምዱንም እዚያ ላይ ያጥብቅ። በወጣቶችና በጠንካራ ሳንባ የተሞላ ቡድን በቁርጥ ሰዓት ይጫን። በወራጅ ቀጠና ያለ ቡድን አጨዋወት አይቀያይር፤ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ቡድን ተከላካዮቹ እንኳ እርስ በርስ አይተዋወቁም።

ፈጣኑ ልጅ ገና ጥሬ ከሆነና 90 ደቂቃ የማይታመን ከሆነ ደግሞ የቅያሪው ህግ መላ አለው። አምስት ተጫዋች መቀየር ከተፈቀደ ወዲህ አንዱን ቅያሪ ለሯጭ ማስቀመጥ አይከብድም። የሚገባበት ሰዓት ነው ወሳኙ። 60ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ የተጋጣሚ የመስመር ተከላካይ መመለስ ሲከብደው፣ በተለይ ቢጫ ካርድ ካለበት፣ በእሱ በኩል ይግባ። 85ኛው ደቂቃ ላይ የገባ ሯጭ ሁለት ኳስ ነክቶ ፊሽካ ይነፋበታል።